ብታውቅስ ምን ይጎድልብናል?

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይላል የአገራችን ተረት። ማን እንደ ፈጠረው መጠየቅ አያሻም። ተረቱ ያረጀ ነው፣ ያለፈበት ነው የሚል ካለ ግን ይምጣና ይየው፤ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በክፍል ውስጥ አለ፣ በጤና ጣቢያ አለ፣ በሽምግልና አለ፣ በጓዳ አለ። ሴት ስለ ገዛ ገላዋ ማወቅ የሚገባትን ሌላ ሰው ያውቅላታል፤ ሌላ ሰው ይወስንላታል፤ መዘዙን የምትሸከመው ግን እሷው ናት። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው ከዚህ ተረት ጋር ነው። የሙግቱም ቦታ ሩቅ አይደለም፤ ደረስጌ፣ ደባርቅ፣ ዳባት፣ መላው የስሜን ግርጌ ነው።

ደረስጌ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ንግሥ ነው። ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት ደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው ካሣ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የዘውድ ቅብዓት የተቀቡባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ውቤ በእስር ሳሉም ልጃቸው ጥሩወርቅ ለዚያው ለድል አድራጊው ንጉሥ ተዳረች። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጋብቻ የፖለቲካ ብልሃት ብለው መዝግበውት አልፈዋል። እሷስ ምን አለች? ማን ጠየቃት? የደጃዝማች ልጅ እንዲህ ከሆነች በጃናሞራ ቁልቁለት ጀሪካን አዝላ የምትወጣዋ የገበሬ ልጅ ምን ልትሆን ኖሯል! ከቤተ መንግሥት እስከ ደሳሳ ጎጆ ሴት ልጅ የስምምነት ማኅተም ሆና ነው የኖረችው። ማኅተም ደግሞ አይጠየቅም፣ ይመታል እንጂ።

«ያ ድሮ ነው፤ ዛሬ ሕግ አለ» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሕግ አለ። እንዲያውም ሕጉን እንቁጠረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅን በ15 ዓመቷ ይድር ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ስለ እርግዝና መከላከያ ማስታወቅን ይከለክል ነበር፤ ጠልፎ ያገባትን ሰው ጋብቻው ከጸና ከክስ ነፃ ያወጣው ነበር። እነዚህ ተሽረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ጎጂ ልማዶችን ከልክሎ፣ በዚያው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከልና ጤንነታቸውን ለመጠበቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት አላቸው ይላል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻን ዕድሜ 18 አደረገው። የአማራ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ተከተለ። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ የሚያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል ብሏል።

ታዲያስ? ሕጉ በጸና በስድስተኛው ዓመት ግድም፣ በ2003ቱ የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ባሉ የአማራ ክልል ሴቶች ዘንድ የመጀመሪያ ጋብቻ አማካይ ዕድሜ 14.7 ሆኖ ተገኘ፤ አዲስ አበባ ላይ 21.4 ነበር። በ2008ቱ ጥናት በመላ አገሪቱ ሴቷ በ17.1፣ ወንዱ በ23.7 ዓመቱ እንደሚያገባ ታየ። ይህንን ልዩነት ልብ በሉልን። በሁለቱ መካከል ያሉት ከስድስት የሚበልጡ ዓመታት በትዳር ውስጥ የሥልጣን ዓመታት ናቸው። እሱ ሠርቶ፣ ገበያ ወጥቶ፣ ሰው ሆኖ ይመጣል። እሷ ከጨዋታ ተነሥታ ትመጣለች። ከዚህ ጥንድ መካከል «ዛሬ ደክሞኛል» ወይም «ልጅ ለመውለድ ገና ነኝ» ማለት የምትችል ማን ናት?

ሕጉ ራሱም ቢሆን ደፍሮ ያልገባበት በር አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም «ከጋብቻ ውጭ» የሚል ቃል ሰንቅሮበታል። ይህች አንዲት ሐረግ ያለዕድሜዋ የተዳረችውን ልጅ በሩን ዘግታባታለች። ጋብቻው ወንጀል ነው፤ በጋብቻው ውስጥ ሌሊት የሚደረገው ግን ስም የለውም! ስም የሌለውን ነገር ደግሞ ማን ይከሰዋል?

ስም ካልን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የጉዳያችን ቁልፍ ስም ነው። የስሜን ልጅ የበጉን በሽታ በስሙ ታውቀዋለች። ገብሱ ዋግ ሲመታው ትለየዋለች። የላሟ እርግዝና ስንት ወር እንደ ሆነው በዓይኗ መዝና ትነግርሃለች። ስለ ራሷ ማሕፀን ሲሆን ግን «እዚያ ታች» ከሚል ቃል ሌላ አልተሰጣትም። ደም ስታይ ታመምኩ ብላ ትደነግጣለች። ሞዴስ የሚገዛላት ስለሌለ በወር ጥቂት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ ለምን እንደቀረች የሚጠይቃት መምህር ወንድ ነውና ዝም ትላለች። የባዮሎጂው መምህር ስለ መራቢያ አካላት የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ያልፋል። ቤት! በየትኛው መብራት፣ ከእንጨት ለቀማና ከውኃ ቀድቶ መመለስ በየትኛው ሰዓት ተርፎ?

ዝምታው ዋጋ አለው፤ የሚከፈለውም በሥጋ ነው። ዳሌዋ ገና ያልሰፋ ልጅ ምጥ ይይዛታል። ሕፃኑ አይወጣም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። የሕፃኑ ጭንቅላት የሽንት ፊኛዋን ከአጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ደም የተከለከለው ሥጋ ይሞታል፤ ይሸነቆራል። ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ ሞቶ ይወጣል። እናቲቱ ከተረፈች ሽንቷን መቆጣጠር የማትችል፣ አንዳንዴም ሰገራዋ የሚያመልጣት፣ ባሏ የሚሸሻት፣ ሰው «ትሸታለች» ብሎ ለብቻዋ የሚያስቀምጣት ትሆናለች። ይህ ነው ፊስቱላ። የእግዜር ቁጣ አይደለም፤ ቡዳም አይደለም። ቃሬዛ በጊዜ ቢነሣ፣ ጤና ጣቢያ ቢቀርብ፣ ከሁሉም በፊት ልጅቷ ባትዳር የማይመጣ ነገር ነው። በ2008ቱ ጥናት መሠረት በአገራችን በጤና ተቋም የሚወልዱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች አንጻር የሚሞቱ እናቶች በ1992ቱ ጥናት ከነበረበት 871 ወደ 412 ወርደዋል፤ ይህን ማንኳሰስ አይገባም። ግን 412 እናት ስንት ቤት እንደ ሆነ አስቡት።

እንግዲህ ወደ ባላጋራዎቻችን እንምጣ። አራት ዓይነት መልስ ይሰጡናል።

የመጀመሪያው «ነውር ነው» የሚለው ነው። ነውሩ የቱ ላይ ነው ወገን? በአደባባይ ድንኳን ተጥሎ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ የ13 ዓመት ልጅ ለሙሽርነት በበቅሎ ስትጫን ነውር አልተባለም። በነጋታው የደም ጨርቅ እንደ ዓርማ ሲውለበለብ፣ ሲዘፈንበት፣ ሲጨፈርበት ነውር አልተባለም። ልጅቷ ያ ደም ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደሚያስከትል ሲነገራት ግን ነውር ሆነ! ይኼ ሥርዓት የሚያፍረው በድርጊቱ መሆኑ ቀርቶ በዕውቀቱ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው «ብታስተምሯት ትባልጋለች» የሚለው ነው። በእ.ኤ.አ. 2018 ዩኔስኮ በየአገሩ የተደረጉትን ጥናቶች መርምሮ ያወጣው መመሪያ፣ የሥነ ተዋልዶ ትምህርት ወጣቶችን ወደ ግንኙነት አያጣድፍም፣ እንዲያውም የሚያዘገይበት ጊዜ አለ ይላል። ይህን የፈረንጅ ወረቀት ነው ብሎ የሚጥል ካለ በራሱ መንደር ይመርምር። ምንም ያልተማረችው ናት በ14 ዓመቷ አልጋ ላይ የተገኘችው። የተማረችው ናት ዲፕሎማዋን ይዛ፣ ባሏን መርጣ፣ ልጇን በፈለገችበት ጊዜ የወለደችው። ባለጌ ፍለጋ የሚወጣ ሰው በልጅቷ በኩል ለምን ይጀምራል?

ሦስተኛው «የውጭ አገር ነገር ነው» የሚለው ነው። እኛ የምናውቀው ሌላ ነው። ምጥ በያዛት ሴት ዙሪያ ሴቶች ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ የኖሩት በዚሁ አገር ነው። የልምድ አዋላጅ፣ የአራስ ገንፎ፣ የአርባና የሰማንያ ቀን ሥርዓት የዚሁ አገር ነው። በወገራና በስሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ሴቷ ደም በምታይበት ወቅት የምትቆይበትን ቤት «የመርገም ጎጆ»፣ የወለደችበትን ደግሞ «የአራስ ጎጆ» ይሉት ነበር። ጎጆው ማግለያ ነበር፤ አናሞግሰውም። ነገር ግን የሴት ገላ የሚያልፍበትን ሁሉ ሕዝቡ በሙሉ የሚያውቀው፣ ስምና ቦታ የሰጠው እንደ ነበር ይመሰክራል። አያቶቻችን ጉዳዩን አልደበቁትም። ሴቶች በወንዝ ዳር፣ በሹሩባ ሥር፣ በመጋገሪያው ጢስ ውስጥ ሁልጊዜ ተነጋግረውበታል። የጎደላቸው ከሐኪሙ ዕውቀት የሚደርሳቸው ድርሻ ነው።

አራተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም የሚመጣው ከእኛው ከተማርነው አፍ ነው። «የገጠር ሴት አይገባትም» ይላል። ለዚህ መልሱ አንድ ስም ነው፤ ማሚቱ ጋሼ። የገጠር ልጅ ነበረች። በልጅነቷ ተዳረች፤ በመጀመሪያ ምጧ ፊስቱላ ደረሰባት። አዲስ አበባ መጥታ በካትሪንና በሬጂናልድ ሃምሊን እጅ ታከመች። ፊደል ያልቆጠረች ነበረች። እዚያው ቀርታ አልጋ ስታነጥፍ፣ መሣሪያ ስታቀብል፣ እያየች፣ እየተነገራት፣ እየሞከረች ራሷ ቀዶ ጥገና የምትሠራ፣ ከውጭ የመጡ ሐኪሞችን ሳይቀር የምታሠለጥን ሆነች። በእ.ኤ.አ. 2018 ቢቢሲ የዓለም 100 ሴቶች ብሎ ከመረጣቸው አንዷ ናት። እንግዲህ ፊደል ያልቆጠረች ሴት የፊኛ ቀዳዳ መስፋት ከገባት፣ የወር አበባዋን አቆጣጠር የማይገባት በምን ሒሳብ ነው? የሚያስተምር ከጠፋ ጥፋቱን በተማሪዋ ላይ አንለጥፍ።

«አይገባትም» የሚለው አስተሳሰብ ወዴት እንደሚወስድ ደግሞ ከታሪክ እንማር። ሴትን ለማስተማር የታከተው ሁሉ ውሎ አድሮ ሳይነግራት ሊያደርግባት ይነሣል። በፔሩ በፉጂሞሪ መንግሥት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2000፣ ከ200,000 በላይ ሴቶች እንዳይወልዱ ተደረጉ፤ ብዙዎቹ የኬችዋ ቋንቋ ተናጋሪ ድሆች ሲሆኑ፣ በሺህ የሚቆጠሩት ፈቃዳቸው በቅጡ ሳይጠየቅ ነበር። በግሪንላንድ የዴንማርክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1970 ብቻ በ4,500 ያህል የኢንዊት ሴቶችና ልጃገረዶች ማሕፀን ውስጥ የእርግዝና መከላከያ አስገቡ፤ ብዙዎቹ አልተነገራቸውም። ወደ እኛም ይመጣል። በ2005 ዓ.ም. ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የተጓዙ ሴቶች በዚያ አገር ቴሌቪዥን ቀርበው፣ ጉዞ በሚጠብቁበት ካምፕ ሳሉ ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን የሦስት ወር መርፌ ካልተወጋችሁ አትሄዱም ተባልን፣ አንዳንዶቻችንም ክትባት ነው ተባልን ሲሉ ተናገሩ። ባለሥልጣናቱና የረድኤት ድርጅቱ አስተባበሉ። በጥር 2005 ግን የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር፣ የመድኃኒቱን ምንነት መረዳቷ ለሚያጠራጥር ሴት ማዘዣው እንዳይታደስ ለጤና ድርጅቶች መመሪያ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአገሪቱ ዋና ተቆጣጣሪ አስገድዶ መውጋት ስለ መኖሩ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። የግዳጁ ጉዳይ እንዲህ ያከራክር። ከሴቶቹ ቃል አንድ ነገር ግን ቀርቶ ይታያል፤ አንዳንዶቹ ክንዳቸው ውስጥ የገባው ምን እንደ ሆነ አላወቁም ነበር።

ይህን ያነሣነው ሌላ አገር ለመክሰስ አይደለም። ከደጃችን ያለውን ለመጠየቅ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ያደረገውን መካድ ግፍ ነው፤ በየቀበሌው ጤና ኬላ ቆመ፣ ከዚያው አካባቢ የወጡ ሴቶች በየቤቱ ዞሩ። በ1992ቱ ጥናት ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች 6 በመቶ ነበሩ፤ በ2008ቱ 35 በመቶ ደረሱ። ግን መርፌ መውጋትና መንገር ሁለት ሥራ ናቸው። ሪፖርቱ የሚጠይቀው «ስንት ተወጋች?» ብሎ ነው። «ስንቷ ገባት?» የሚል ሣጥን በቅጹ ላይ የት አለ? የወር አበባዋ ሊዛባ ወይም ሊቀር እንደሚችል ያልተነገራት ሴት፣ ሲቀር ጊዜ «ደሜን አፍነው ሊገድሉኝ ነው» ብላ ትሸሻለች። መርፌውን ካቆመች በኋላ ፅንስ ለወራት ሊዘገይ እንደሚችል ያልተነገራት፣ «አመከኑኝ» ትላለች፤ ባሏም ይህንኑ ሰበብ አድርጎ ይፈታታል። መርፌው ከኤች አይ ቪ እንደማይከላከል ያልተነገራት፣ ተጠበቅሁ ብላ ትታመማለች። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባትም «ያመክናል» የሚል ወሬ ቢከተለው ምን ይደንቃል? ዕውቀት ያልገባበትን ቤት ወሬ ይወርሰዋል።

ዳባትን ተመልከቱ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥናት ጣቢያ ያለባት ወረዳ ናት። በተመረጡት ቀበሌዎች ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንዳገባ ቤት ለቤት ይመዘገባል። ከዚያ መዝገብ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ወጥቷል! ጥናቱን አንነቅፍም፤ ያለ ቁጥር መንግሥት ዕውር ነው። የምንጠይቀው አንዲት ጥያቄ ናት። ዳባት ተቆጥራለች፤ ተነግሯታል ወይ? መጠይቁን የሞላችው እናት ከመልሷ የተገኘው ዕውቀት በአማርኛ ተጽፎ፣ ተነብቦላት፣ ተከራክራበት ታውቃለች ወይ?

ይህ ሁሉ የቅንጦት ጥያቄ የሚመስለው ካለ ጨናን ያስታውስ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከዳባት ብዙም በማይርቀው በጨና ውጊያ ሆነ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የትግራይ ተዋጊዎች በጨና ሴቶችን፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ጭምር፣ እንደ ደፈሩ ከተጎጂዎቹ አፍ ሰምቶ ጽፏል። ያው ድርጅት ከዚያ በፊት በነሐሴ 2013 በትግራይ ሴቶች ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወታደሮች፣ የአማራ ልዩ ኃይልና ሚሊሻም የፈጸሙትን ጽፏል። የሴት ገላ የጦር ሜዳ ሲሆን ብሔር አይለይም። እኛ የምንለው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት ሕይወት የሚያተርፍ ዕውቀት አለ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ ክኒን፣ እኛ በግቢ «ፖስት ፒል» የምንለው፣ ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 መሠረት ከመደፈር የመጣ ፅንስ በሕክምና ተቋም ሲቋረጥ አያስቀጣም፤ አንቀጽ 552 ደግሞ የሴቲቱ ቃል ይበቃል፣ ምስክር አምጪ አትባልም ይላል። ይህን ስንት የዳባት እናት ያውቃል? ስንት ቄስ፣ ስንት የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ ስንት ፖሊስ ያውቃል? ሕግ ጽፎ አለማስነበብ እንጀራ ጋግሮ መቆለፍ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችንን አስቀምጠን እንውጣ።

1ኛ/ በደረስጌ፣ በደባርቅና በዳባት ትምህርት ቤቶች የሥነ ተዋልዶ ትምህርት ለሴቱም ለወንዱም፣ ሳይዘለል፣ በአማርኛ፣ በስሙ እየተጠራ ይሰጥ። ልጃገረዶች ከመዳራቸው በፊት ይድረሳቸው፤ ስምንተኛ ክፍል ለብዙዎቹ ዘግይቷል።

2ኛ/ መርፌም ሆነ ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ ከመሰጠቱ በፊት ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደማያደርግ ለሴቲቱ ይነገር፤ በራሷ አፍ መልሳ እስክትናገረው ድረስ ተረድታለች አይባል። «ይውጣልኝ» ስትልም ያለ ቁጣ ይውጣላት።

3ኛ/ የጋብቻ ዕድሜን፣ የመደፈርንና የማቋረጥን ሕግ የሚናገሩት አንቀጾች በገበያ ቀን፣ በዕድር፣ በደብሩ ቅጥር ይነበቡ። ካህናቱንም እናሳስባለን፤ ለዲያቆኑ ድንግል ሚስት ፍለጋ ሕፃን ማጨት የሃይማኖት ግዴታ ተደርጎ መታየቱን የሚያስቀረው የእነሱ ቃል ነው።

4ኛ/ «ከጋብቻ ውጭ» የምትለው ሐረግ ከአንቀጽ 620 ትውጣ።

5ኛ/ ይህ ለእኛው ነው። በክረምት ወደየአገራችን ስንገባ ግጥም ብቻ ይዘን አንግባ። እህቶቻችን ያሉት እዚያ ነው። እናቶቻችን ያሉት እዚያ ነው። ያነበብነውን እናንብብላቸው፤ ሲጠይቁን አንሽኮርመም፤ ያላወቅነውን ጠይቀን እንመለስ። የወንድ ተማሪም ሥራ ነው፤ ነገ ሽማግሌ ልኮ ሚስት የሚያስጠይቀው እሱ ነውና ልጅቷ ስንት ዓመቷ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ተረቱ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይላል። እኛ ደግሞ እንጠይቃለን፤ ብታውቅስ ምን ይጎድልብናል? በምጥ የምትሞት እናት ይጎድልብናል። በ13 ዓመቷ የምትዳር ልጅ ትጎድልብናለች። በሽታዋን ደብቃ ከሰው የምትሸሽ ሙሽራ ትጎድልብናለች። እነዚህ ይጉደሉብን!